የአመዳይ ናዳና የሰው ዝምታ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



 የንግግራችን አርእስት በተነበበ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል። እውነታችሁን ነው። ከመካከላችን አመዳይ የሚባለውን ነገር በእጁ የዳሰሰ ተማሪ የለም። በስሜን ተራራ፥ በራስ ዳሽን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ጥሎ ቦታው ነጭ ሆኖ እንደሚያድር ሰምተናል እንጂ አላየንም። ታዲያ እነዚህ ልጆች ስለ አልፕስ ተራራ አመዳይ ምን አግብቷቸው ይናገራሉ? ብላችሁ ብትጠይቁ የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱን ወደ ንግግራችን መጨረሻ እንሰጣለንና እስከዚያ በትዕግሥት እንድታደምጡን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ከሰማይ ለሚወርደው ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ በብዛት የምንሰጠው ስም በረዶ ነው። ይሁን እንጂ በክረምት የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጣር በረዶና በሰሜን አገሮች እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነጭ ነገር አንድ አይደሉም። በአንዳንድ የደጋ አገር አመዳይ የሚባለው የሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም፥ እኛ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም እንደምናገኘው ይህን ነጭ ነገር አመዳይ እንለዋለን። ናዳ የሚለውን ቃል ግን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ በገደላማ አገር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋልና። ደግሞም የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን። የእነርሱም ክረምት ከእኛ ክረምት የተለየ ነው፤ እኛ በበጋው ፀሐይ እህላችንን በምንወቃበት ወራት እነርሱ በአመዳይ ተከበው ይኖራሉ።

በአመዳይ ላይ ለመሄድ በእግር ሥር የሚታሰሩት ረጃጅም ቀጭን ጣውላዎች ስኪ ይባላሉ። ይህ ጨዋታ ለአገራችን ስም ፍጹም እንግዳ እንዳልሆነ ብታውቁ ደስ ይላችኋል። ሮቤል ተክለ ማርያም የተባለው ወንድማችን በ2006 በቶሪኖ፥ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒክ ጨዋታዎች በስኪ ሩጫ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ነገር ግን እርሱ የሮጠው በተዘጋጀ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ የምንናገረው መንገድ ወዳልተበጀለት፥ ጠባቂ ወደሌለበት ከፍተኛ ተራራ በስኪ ስለሚወጡትና ስለሚወርዱት ሰዎች ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት አንድ ትልቅ ጠላት አላቸው፤ እርሱም ናዳ ነው። ጠላቱም አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ዓመት የካርታጎ የጦር አለቃ ሃኒባል ሠራዊቱንና ዝሆኖቹን ይዞ አልፕስን ባቋረጠ ጊዜ፥ ታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢዮስ እንደ ዘገበው፥ ካለፈው ዓመት በቀረው አሮጌ አመዳይ ላይ አዲስ አመዳይ ወድቆ ነበር። ወታደሮቹ ለስላሳውን አዲስ አመዳይ ረግጠው እግራቸው ከታች ያለውን ጠጣር ሲያገኝ ሰውም ከብትም ወደ ቁልቁለቱ ይንሸራተት ነበር። በኋላም በስዊትዘርላንድና በኢጣሊያ ወሰን፥ ወደ 2,470 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፥ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ የሃይማኖት አባቶች ከ11ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመንገደኞች ማረፊያ አቁመው በአመዳይ የጠፉትን ይፈልጉ ነበር። ከውሾቻቸው አንዱ ባሪ የተባለው፥ ከ1800 እስከ 1814 የኖረው፥ ከ40 ሰው በላይ እንዳዳነ ይነገርለታል። ቆዳው ተሞልቶ እስከ ዛሬ ድረስ በበርን ከተማ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይታያል።

ነገሩ በሳይንስ መንገድ መመርመር የጀመረው ግን ቆይቶ ነው። በ1936 ጥቂት ተመራማሪዎች ከዳቮስ ከተማ በላይ ቫይስፍሉዮህ በሚባል ተራራ ላይ በትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ሆነው አመዳይን መመርመር ያዙ። በ1942 የአመዳይና የናዳ ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ከ1945 ጀምሮም ተቋሙ ለሕዝብ የናዳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ዛሬ በክረምት ወራት ማስጠንቀቂያው በየቀኑ ሁለት ጊዜ፥ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ማታ በ11 ሰዓትና ጧት በ2 ሰዓት ይወጣል። ለዚህም በየሸለቆው ወደ 200 የሚጠጉ ታዛቢዎች የአመዳዩን ከፍታና ጠባይ ለክተው ይልካሉ፤ ከ150 የሚበልጡ በራሳቸው የሚሠሩ መሣሪያዎችም በተራሮቹ ላይ ተተክለዋል። በስኪ የሚጓዙትም ሰዎች ያዩትን ለተቋሙ ያስታውቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ናዳ ስለ ምን ይነሣል?

ከሩቅ ሲያዩት ነጩ ተራራ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። ቆፍረው ቢያዩት ግን በመሶብ ውስጥ እንደ ተነባበረ እንጀራ ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ በተለየ ቀን የወረደ ነው። አንዱ በጸጥታ የወረደ ለስላሳ፥ አንዱ ነፋስ የጠፈጠፈው ጠጣር፥ አንዱ ፀሐይ አቅልጣው ሌሊት እንደ ገና የረጋ ቅርፊት ነው። እነዚህ ንጣፎች እርስ በርሳቸው በደኅና ተያይዘው ቢኖሩ አደጋ የለም። ከመካከላቸው አንዱ ደካማ ሲሆን ግን በላዩ ያለው ሁሉ መሠረት እንደሌለው ቤት ይሆናል።

ደካማው ንጣፍ የሚበጅበት መንገድ እጅግ ያስደንቃል። በአመዳይ ሥር ያለው መሬት ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ አመዳይ እንደ ጋቢ ሙቀትን ይዞ ያቆያልና። በላዩ ያለው አየር ግን በጣም ይበርዳል። ስለዚህ የውሃ ተን ከሞቃቱ ከታች ወደ ብርዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም የአመዳዩን ቅንጣቶች ይለውጣቸዋል። ቀድሞ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው የነበሩት እንደ ስኳር የተለያዩ፥ ማዕዘን ያላቸው፥ በእጅ ቢጨብጧቸው የማይያያዙ ቅንጣቶች ይሆናሉ። ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ የሚሆነው የሙቀቱ ልዩነት ለአንድ ሜትር ሲሰላ ከ10 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ ነው። እስቲ ራሳችን እናስላው። የአመዳዩ ውፍረት 50 ሳንቲ ሜትር፥ የላዩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን፥ ልዩነቱ ለአንድ ሜትር 30 ዲግሪ ይመጣል። ውፍረቱ 2 ሜትር ቢሆን ግን 7 ተኩል ብቻ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ፥ በብርድ ወራት ስስ ሆኖ የቆየ አመዳይ ከወፍራሙ ይልቅ ውስጡ ደካማ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን በዓይናችን ለማየት በላቦራቶሪያችን አንድ ሙከራ አደረግን። በአንድ ጣውላ ላይ ዱቄት አንጥፈን ጠፈጠፍነው፤ በላዩ ስኳር ነሰነስን፤ በስኳሩ ላይ ደግሞ ሁለተኛ ዱቄት አነጠፍን። ስኳሩን የሰጡን የወጥ ቤታችን ኃላፊ «ልጆቼ፥ ይህ ሁሉ ስኳር ለጨዋታ ነውን?» ብለው አዝነውብን ነበር። የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልን ስናነሣ፥ የላይኛው ዱቄት በቢላዋ እንደ ተቆረጠ በቀጥታ መሥመር ተሰነጠቀና ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረደ። ስኳር ሳንጨምር ስንሞክረው ግን ጣውላውን ከዚያ የበለጠ ማቆም አስፈለገን። የወጥ ቤታችን ኃላፊ ይህን ባዩ ጊዜ «እንዲህ ከሆነስ ስኳሩ በከንቱ አልጠፋም» ብለው ይቅር አሉን።

በጀርመንኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ይህ ዓይነት ናዳ የአመዳይ ጣውላ ይባላል፤ ስሙም የሚገባው ነው። ከአንድ ነጥብ ጀምሮ እየሰፋ ከሚወርደው ልል ናዳ ይልቅ የስኪ ተጓዦችን በብዛት የሚገድለው ይኸው ነው። ሰውየው በጣውላው መካከል ቆሞ ሳለ ከእግሩ ሥር ደካማው ንጣፍ ይሰበራል፤ ስንጥቁም በዐይን ጥቅሻ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሮጣል፤ የቆመበት ሜዳ ሁሉ ተቆርሶ ይሄዳል። ክብደቱን አስቡት። ስፋቱ 50 ሜትር፥ ርዝመቱ 80 ሜትር፥ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ አመዳይ 2,000 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 200 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 4,000 ኩንታል ይሆናል። ይህም በተራራ ሰዎች ዘንድ ትልቅ ናዳ ተብሎ አይቈጠርም።

ጣውላ የመሰለው ናዳ በየትኛውም ቦታ አይነሣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ቁልቁለት ላይ ነው። ይህም የጎጆ ቤት ክዳን የሚያህል ማለት ነው። ከዚያ የለዘበው አመዳዩን ይዞ ያቆያል፤ እጅግ የቆመው ደግሞ ብዙ ሳይከማችበት በየጊዜው ያራግፈዋል። ስለዚህ ብልህ ተጓዥ የቁልቁለቱን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ በኪሱ ይይዛል። በትምህርት ቤት ትሪጎኖሜትሪ ምን ይጠቅመናል የምትሉ ታናናሾቻችን ይህን ልብ በሉ፤ በዚያ አገር የአምስት ዲግሪ ስሕተት ሰው ይቀብራል።

የተራራ ተጓዦች በመንገዳቸው የሚጠብቋቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፥ በዚያው ሰሞን በአቅራቢያው ባለ ተመሳሳይ ቁልቁለት ላይ ናዳ ወርዶ እንደ ሆነ ያያሉ። ሁለተኛ፥ ሲራመዱ ከሥራቸው «ውምፍ» የሚል የታፈነ ድምፅ ቢሰሙ፥ ደካማው ንጣፍ እየተደረመሰ መሆኑን ያውቃሉ። ሦስተኛ፥ ከስኪያቸው ጫፍ ስንጥቅ ሲሮጥ ካዩ ይቆማሉ። አራተኛ፥ ብዙ አዲስ አመዳይ በነፋስ ታጅቦ ወርዶ እንደ ሆነ ይመረምራሉ፤ ነፋሱ ከአንዱ ወገን ጠርጎ በሌላው ወገን ይከምረዋልና። አምስተኛ፥ ሙቀት በድንገት ቢጨምር ይጠነቀቃሉ፤ በጸደይ ወራትም ፀሐይ አመዳዩን ሳታርሰው ጧት በማለዳ ወጥተው ቀኑ ሳይሞቅ ይወርዳሉ።

ደግሞም በአካፋ ጕድጓድ ቆፍረው ንጣፎቹን ይመረምራሉ። ከጕድጓዱ ግድግዳ ወርዱም ቁመናውም 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዐምድ ይለያሉ፤ አካፋውን በራሱ ላይ አጋድመው ይመቱታል። በመጀመሪያ ከእጅ አንጓ አሥር ጊዜ፥ ቀጥሎ ከክርን አሥር ጊዜ፥ በመጨረሻም ከትከሻ አሥር ጊዜ ነው። ዐምዱ ገና በእጅ አንጓ ምት ከተሰበረ መልእክቱ ግልጽ ነው። ወርዱን 90 ሳንቲ ሜትር አድርገው በአንድ ጫፍ ብቻ የሚመቱበት ሌላ ሙከራም አለ፤ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ከሮጠ በተራራውም ላይ ሊሮጥ ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ጕድጓድ የሚመሰክረው ስለ ራሱ ቦታ ነው፤ ከመቶ ሜትር በኋላ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ክፉ ሲናገር ያምኑታል፤ ደግ ሲናገር ግን ብቻውን አያምኑትም።

በአውሮፓ ከ1993 ጀምሮ አደጋው በአምስት ደረጃ ይገለጻል። 1 ዝቅተኛ፥ 2 መካከለኛ፥ 3 ጕልህ፥ 4 ከፍተኛ፥ 5 እጅግ ከፍተኛ ነው። ብዙ ሰው የሚሞተው በየትኛው ደረጃ ይመስላችኋል? እኛ በ5 ነው ብለን መልሰን ነበር፤ ተሳስተናል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በ3 ነው። በ4ና በ5 ቀን ሰው ፈርቶ በቤቱ ይቀመጣል። በ3 ቀን ግን ሰማዩ ጠርቶ፥ አዲሱ አመዳይ አብረቅርቆ፥ አደጋው ከሥር ተሸሽጎ ይጠብቃል።

በናዳ የተቀበረ ሰው ጊዜው አጭር ነው። አመዳዩ ሲሮጥ እንደ ውሃ፥ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ነው፤ ጣት እንኳ ማንቀሳቀስ አያስችልም። በስዊትዘርላንድ ከ1981 እስከ 2020 የደረሱትን አደጋዎች መርምሮ በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ሙሉ በሙሉ ተቀብረው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሚወጡት ከ100 ከ90 በላይ ይተርፋሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ግን የሚተርፉት ወደ 30 ይወርዳሉ። የሚበዙት የሚሞቱት በአየር እጦት ነው። ከመንደር የሚጠራ ረዳት በ10 ደቂቃ አይደርስም። የሚያድነው አብሮ ያለው ጓደኛ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይይዛል፤ በ457 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፥ ወደ አመዳዩ የሚወጋ ረጅም ታጣፊ ዘንግና አካፋ። ከሦስቱ አንዱን የረሳ ሰው የጓደኛውን ሕይወት ረስቷል ይባላል።

ናዳ ተጓዦችን ብቻ አይጎዳም። በ1950 እና በ1951 መካከል በነበረው ክረምት በስዊትዘርላንድ ብቻ 98 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ከመንደሮቹ በላይ በየቁልቁለቱ የብረት አጥር በብዛት ተሠርቷል። የአንደርማት ሰዎች ደግሞ ገና በ1397 ከመንደራቸው በላይ ያለውን ደን ማንም እንዳይቆርጥ በውል ከልክለዋል፤ ዛፉ አመዳዩን እንደሚይዝላቸው ያውቁ ነበርና። ይህን ያነበብን ጊዜ የራሳችንን የተራቆቱ ተራሮች አስበን ዝም ብለናል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1999 በኦስትሪያ በጋልቱር መንደር ላይ የወረደው ናዳ 31 ሰዎች ገደለ። በማግሥቱም በአጠገቡ ባለችው በቫልዙር 7 ሰዎች ሞቱ። ናዳው ከደረሰባቸው ቤቶች መካከል አደጋ አይደርስበትም በተባለ ቦታ ላይ የቆሙ ነበሩ።

አሁን ግን በጣም ወደሚያሳዝነው ነገር እንመጣለን። በናዳ ከሚያዙት የስኪ ተጓዦች ከ100 ወደ 90 በሚሆኑት ላይ ናዳውን ያስነሣው ራሱ ሰውየው ወይም ከጓደኞቹ አንዱ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የተማሩ ናቸው። ኢያን ማካሞን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከ1972 እስከ 2003 በአሜሪካ የደረሱትን 715 አደጋዎች መርምሮ፥ ምልክቱ በግልጽ እየታየ፥ ትምህርቱም እያላቸው ብዙ ሰዎች ወደ አደጋው እንደ ገቡ አሳይቷል። ምክንያቶቹንም ዘርዝሯል። ቦታውን ለምደነዋል ማለት፤ በጓደኞች ዘንድ ለመወደድ መፈለግ፤ አንዴ የጀመሩትን አልተውም ማለት፤ መሪው ያውቃል ብሎ ራስን አለመጠየቅ፤ ሌላው ሳይቀድመኝ ማለት፤ ሌሎች ሲገቡ አይቶ መደፋፈር ናቸው።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2012 በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ቱነል ክሪክ በሚባል ቦታ ከአሥር የሚበልጡ ስኪ ተጓዦች አብረው ወረዱ። ከመካከላቸው በሥራው ስመ ጥር የሆኑ ነበሩ፤ ተራራውን እንደ ቤታቸው የሚያውቁም ነበሩ። ናዳው ተነሥቶ ሦስቱን ገደለ። ከተረፉት አንዳንዶቹ በኋላ ሲጠየቁ፥ የሰዉ ብዛት አሳስቧቸው፥ ልባቸው ጠርጥሮ እንደ ነበረ ተናገሩ። በጊዜው ግን አፋቸውን አልከፈቱም። እያንዳንዱ ሌላውን እያየ፥ እነዚህ ሁሉ አዋቂዎች ዝም ካሉ እኔ ማን ነኝ? ይል ነበር።

ወገኖቻችን፥ በመጀመሪያ ለጠየቃችሁን ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል።

ባለፈው መስከረም አሥራ አንድ ሆነን አደይ አበባ ከሞላበት መስክ ስንመለስ ወንዝ ላይ ደረስን። ያ ወንዝ ሁልጊዜ የምንሻገረው ነው። ከመካከላችን ታናሹ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቆም ብሎ «ውሃው ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮም ይዞ ይመጣል፤ ላይኛው አገር ሳይዘንብ አይቀርም» አለ። ሳቅንበት። ከመካከላችን በዋና የታወቀው ጓደኛችን «ፈሪ ይቆይ» ብሎ ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ደራሹ ውሃ መጣ። አንዱ ጓደኛችን ተወሰደ፤ ከታች በሾላ ሥር ተይዞ ሳለ በአጠገቡ ያርሙ የነበሩ ገበሬዎች በመጫኛ ጎትተው አወጡት። እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር ተኛ፤ የዓመቱም ትምህርት አመለጠው። ዛሬ ከእኛ ጋር በዚህ መድረክ ላይ መቆም የሚገባው እርሱ ነበር። አሁን ከእናቱ አጠገብ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል።

በዚያን ጊዜ ወላጆችና መምህራን ሲጠይቁን «ውሃው መድፈረሱን አላየንም» ብለን መለስን። ታናሹም ልጅ ታላላቆቹን ላለማሳፈር ዝም አለ። ዛሬ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እውነቱን እንናገራለን። አይተን ነበር። ከሥራችን ያለው ድንጋይ መታየት ማቆሙን፥ ድምፁም መለወጡን ሁላችንም አስተውለን ነበር። ፈሪ እንዳንባል ዝም አልን፤ በኋላም እንዳናፍር ዋሸን።

ይህን ከሆነ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በስዊትዘርላንድ ተራራማ አገር የተወለዱት የሒሳብ መምህራችን ወደ ቤታቸው ጠሩን። ሻይ አጠጡን። በግድግዳቸው ላይ የተሰቀሉትን ስኪዎች አሳይተው ከዚህ በላይ ያስተማርናችሁን የአመዳይ ነገር ሁሉ አስረዱን። ስለ ወንዙ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስንወጣ ብቻ በር ላይ ቆመው «በእኛ አገር ጥሩ ቡድን ወደ ቁልቁለቱ ከመግባቱ በፊት ይቆማል፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ከሁሉ ታናሹና ልምድ የሌለው ነው፤ አንዱ አይሆንም ካለ ሁሉም ይመለሳል፤ ምክንያቱን አስረዳ ተብሎም አይጨነቅም» አሉን። ያወቁብን መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። በሐሜትና በጠብ ቦታ ይህ ታላቅ ምክር ነው። በተራራና በወንዝ ዳር ግን ዝምታ እንደ ስኳሩ ንጣፍ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ሁሉ ደኅና ይመስላል፥ ክብደት ሲያርፍበት ይሰበራል። ደግሞም «ካፈርሁ አይመልሰኝ» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ሲፈጸም አይተናል። አንዴ ወደ ወንዙ ከወረድን በኋላ መመለስ አሳፈረን፤ አንዴ ከዋሸን በኋላም እውነት መናገር እስከ ዛሬ ድረስ አሳፈረን።

ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤታችን ከመሰናበታችን በፊት አንድ ልማድ ትተን እንሄዳለን። ከእንግዲህ በክበባችን የሚደረግ ጉዞ ሁሉ በወንዝ፥ በገደል ወይም በሚያጠራጥር ስፍራ ሲደርስ ይቆማል፤ ከሁሉ ታናሹ መጀመሪያ ይናገራል፤ አንዱ ከጠረጠረ ሁሉም ይመለሳል። የዘጠነኛ ክፍሉ ወንድማችን በዚህ ዓመት የጉዞው ጠባቂ ሆኖ ተመርጧል።

ለዚያ ለጓደኛችንና ለእናቱ በሁላችን ስም ይቅርታ እንለምናለን። ዘግይተን መናገራችንን እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ከነጭራሹ ሳንናገር ይህን ግቢ ብንለቅ የምንይዘው የምስክር ወረቀት ይከብደን ነበር።